የኮምፒዩተሩ መሳቢያ

ነገሩ የሆነው ፍላሽ ዲስክ እንደ መታወቂያ አንገት ላይ ይንጠለጠል በነበረበት ዘመን ነው። ለጋዜጣ የሚሆን ጽሑፌን እንደ ልማዴ በእጄ ጽፌ፣ ሰፈራችን ወዳለ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ጽሕፈቴን እያነበበች በአንድ ሰዓት ጨረሰችውና «ጋሼ፣ ፍላሽዎት ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። ሂሳቧን ሰጥቼ፣ ፍላሼን ከኮምፒዩተሩ ነቅዬ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ወጣሁ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቆዩ!» ስትል ሰምቻለሁ። መልስ ልትሰጠኝ መስሎኝ «ግዴለም፣ ያንቺ ነው!» ብዬ እጄን አወዛውዤ ሄድኩ።

ዝግጅት ክፍል ደርሼ ፍላሹ ሲከፈት የጽሑፉ ስም ቁጭ ብሏል። ስሙን ስንከፍተው ግን ውስጡ ነጭ ነው፤ አንዲት ፊደል የለችበትም። የእጅ ጽሑፉን ደግሞ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። በዚያ ሳምንት ዓምዴ ሳይወጣ ቀረ፤ አንባቢ የታመምኩ መስሎት ደውሎ የጠየቀኝም አለ።

የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተር ያጠና ነውና ስሞታዬን ለእሱ አቀረብኩ። ልጅቷ ዋሽታኛለች፣ ወይ ኮምፒዩተሩ ዋሽቷታል፤ ከሁለቱ አንዱ ነው አልኩት። ፈገግ ብሎ «ማንም አልዋሸህም ጋሼ። ሊጽፈው ነበር፤ አልቆየህለትም» አለኝ።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ጽፎታል» እና «ሊጽፈው ነበር» በሚሉት መሃል ያለውን ገደል ለተማሪ ሳስረዳ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ለካስ ይህ ማሽን ገና ወደፊት የሚያደርገውን ነገር በኃላፊ ጊዜ ግስ ነው የሚናገረው! ይህን አመል ከየት አመጣው? ማን አስተማረው? ብዬ ሳጠያይቅና ሳነብ፣ ነገሩ ከሰማንያ ዓመት ያላነሰ ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።)

በ1946 አሜሪካ ውስጥ ፕሪንስተን በሚገኘው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ሦስት ሰዎች፣ በርክስ፣ ጎልድስታይን እና ቮን ኖይማን፣ ገና ያልተሠራ ኮምፒዩተር ምን መምሰል እንዳለበት ጻፉ። የሚመኙት ዳር ድንበር የሌለውና የተፈለገውን ወዲያው የሚሰጥ የማስታወሻ ክፍል ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር እንደማይገኝም ያውቁታል፤ ፈጣኑ ውድና ትንሽ ነው፣ ሰፊው ርካሽና ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ መሰላል ይሁን አሉ። ከላይ ትንሽና ፈጣን፣ ከሥሩ ሰፋ ያለና ዘግየት የሚል፣ ከዚያም ሥር እንዲሁ።

ይህን ለመረዳት የእናቶቻችንን ቤት ማሰብ ይበቃል። ጨው ለማምጣት ወጥ በጣደች ቁጥር ገበያ የምትሄድ ሴት የለችም። ገበያው ሩቅ ነው፣ ሁሉም ነገር ግን አለበት። ጎተራው ቅርብ ነው፣ የከረመ እህል አለበት። ጓዳው ከዚያም ይቀርባል። ጨውና በርበሬው ደግሞ ምድጃው ሥር፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ናቸው። እየቀረበ በሄደ ቁጥር ዕቃው ያንሳል፣ እጅ ግን ይፈጥናል።

የኮምፒዩተሩ ገበያ ዲስክ ነው። የመጀመሪያውን የዲስክ ማሽን አይቢኤም በ1956 ሲያወጣ 50 ዝርግ ሰሃኖች ተደራርበው የሚሽከረከሩበት፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ቁም ሣጥን ነበር። ያን ሁሉ አክሎ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ አንዱን ፈልጎ ለማምጣትም ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ወዲህ ዲስክ እጅግ ሰፍቷል፤ ፍጥነቱ ግን እንደ ስፋቱ አልሄደለትም። የሚሽከረከር ብረት ነዋ! ዛሬም ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ አንድ ነገር ፈልጎ ለማምጣት የሴኮንድ አንድ መቶኛ ገደማ ይወስድበታል። ኮምፒዩተሩ በእጁ ካለው ሜሞሪ ለማንሳት ግን የሴኮንድ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ይበቃዋል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። እስቲ አስቡት፦ ከምድጃው ሥር ጨው ማንሳት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ ገበያ ደርሶ መመለስ ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል ማለት ነው። ወጡ ምን ይሆናል?

መሰላሉ ከተተከለ በኋላ የመጣው ጥያቄ ዕቃውን ማን ያመላልስ የሚል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ይህ የፕሮግራም ጸሐፊው ሸክም ነበር፤ ይህን አውጣ፣ ያንን አስገባ እያለ በየመስመሩ ሲያዝዝ ይውላል። በ1962 እንግሊዝ ማንቸስተር ላይ ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ ሥራ ያስጀመሩት አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር ይህን ሸክም ለራሱ ወሰደው። ከሚሽከረከረው ከበሮ ወደ ፈጣኑ ሜሞሪ፣ ከሜሞሪው ወደ ከበሮው በራሱ ፈቃድ ያመላልሳል። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚታየው አንድ ሰፊ ቤት ብቻ ነው፤ ጓዳው የት፣ ሳሎኑ የት እንደሆነ አይነገረውም። ማሽኑ ለሰውየው ያልነገረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ይመስለኛል። ለደግ ነበር።

በ1965 ደግሞ ካምብሪጅ ውስጥ ሞሪስ ዊልክስ ሁለት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ አሳተመ። በዋናው ሜሞሪና በሒሳብ ሠሪው ክፍል መሃል ሌላ ትንሽ፣ እጅግ ፈጣን ሜሞሪ ይግባ፤ በቅርቡ የተነሣውን ነገር ሁሉ ቅጂ ይያዝ፤ ያው ነገር ዳግመኛ ሲፈለግ ከዚያው ይሰጥ ነው የሚለው። ሐሳቡ የሚያስገርመው በቀላልነቱ ነው፤ ሰው አሁን የተጠቀመበትን ነገር ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይፈልገዋል ከሚል ተራ ትዝብት የተነሣ ነው። ስሙ ግን ደስ አይልም። ዊልክስ «ባሪያ ሜሞሪ» ብሎ ነው የሰየመው።

ስሙን ያስጣለው የመጽሔት አርታዒ ነው፤ እኔም ይህን ሳነብ ለሙያው ኮራሁ። አይቢኤም የዊልክስን ዓይነት ሐሳብ ተግባራዊ ያደረገ ሞዴል 85 የተባለ ኮምፒዩተር እየሠራ ነበር፤ በ1968 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆነ። መሐንዲሶቹ ስለ ማሽኑ የጻፉትን ለኩባንያው መጽሔት ሲያቀርቡ ያችን ትንሽ ሜሞሪ «ባለ ከፍተኛ ፍጥነት ማቆያ» እያሉ ነው የሚጠሯት። አርታዒው ላይል ጆንሰን የተሻለ ስም አምጡ አላቸው። አላመጡም። እንግዲያውስ «ካሽ» ትባል አለ፤ ተባለችም።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ መደበቅ ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫካ ለጸጉራም ቆዳ ሲሉ አውሬ የሚያጠምዱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስንቃቸውን መንገድ ዳር ቀብረው ያልፉና ሲመለሱ ቆፍረው ያወጡታል፤ ያንን የተቀበረ ስንቅ ነው ካሽ የሚሉት። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ እንደሚያስቀምጠው መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ «ካሽ» ሲባል የሚመጣብን በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ የሁለቱ ቃላት ፊደልም ምንጭም የተለያየ ቢሆንም አፋችን ላይ አንድ ሆነዋል። የባንክ ገንዘብ ከፋይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ካዝና አይከፍትም፤ መሳቢያው ውስጥ ካለው ይሰጣል። ግጥምጥሞሹ አይከፋም።

የሞዴል 85 መሳቢያ 16 ሺህ የላቲን ፊደል የምትይዝ ነበረች፤ ከፍ ሲል 32 ሺህ። ዋናው ሜሞሪ ከእሷ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ይህችን በምታህል ማንኪያ ያን ሁሉ ባሕር? ትሉ ይሆናል። መሐንዲሶቹ በናሙና ሥራዎች ላይ ሲያሰሉት፣ ከሚፈለገው መቶ ነገር ወደ ዘጠና ሰባቱ ከመሳቢያዋ ይገኛል። ሦስቱን ብቻ ነው ዋናው ሜሞሪ ድረስ ሄዶ ማምጣት የሚያስፈልገው። በአንድ ጊዜ ዘገምተኛው ቤት ፈጣን መስሎ ታየ።

እዚህ ላይ እኔን ያስደነገጠችኝን ትንሽ ሒሳብ ላካፍላችሁ። ከመቶ ጥያቄ ዘጠና ዘጠኙ ከመሳቢያ ቢመለስና አንዱ ብቻ ዲስክ ድረስ ቢሄድ፣ ከጠቅላላው ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን የሚበላው ያ አንዱ ነው። ዘጠና ዘጠኙ ወደ ዘጠና ስምንት ዝቅ ቢል፣ ዲስክ የሚሄዱት ሁለት ሆኑ፤ ሥራው የሚፈጀው ጊዜ በእጥፍ ገደማ አደገ። በተማሪ ውጤት 99 እና 98 ያመጡ ልጆች ሁለቱም «ኤ» ናቸው። በዚህ ቤት ግን አንደኛው የሌላኛውን ግማሽ ነው የሚሮጠው። «ትናንት እንዲህ አልነበረም እኮ፣ ዛሬ ምን ነካው?» የምንለው መንቀራፈፍ አንዳንዴ ከዚህች ከአንዲቷ መቶኛ ይመጣል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ማንበብ ነው። በማንበብ በኩል ካሽ ጉዳት የለሽ ይመስላል፤ ዋናው ዲስክ ላይ አለ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው ቅጂ ነው፤ ቅጂው ቢጠፋ ዋናውን ሄዶ ማምጣት ነው። ይመስላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም። ቤቱ ሁሉ በመሳቢያው ተማምኖ ገበያው የቀጠነ እንደሆነስ?

መስከረም 23 ቀን 2010 (ያው በእነሱ አቆጣጠር) ፌስቡክ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ለብዙዎች አልከፍት ብሎ ነበር። ኩባንያው በኋላ እንደገለጸው፣ በመሳቢያዎቹ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲገኝ ከዋናው መዝገብ ትክክለኛውን አምጥቶ የሚያርም አውቶማቲክ ሥርዓት ነበራቸው። ጎበዝ አሠራር ነው። ያን ቀን ግን ትክክለኛ ያልሆነው ዋናው ራሱ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን መሳቢያውን አየ፣ ተበላሽቷል አለ፣ ሊያርም ወደ ዋናው መዝገብ ሮጠ። በሴኮንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ዳታቤዙ ላይ ወረደበት። ዳታቤዙ ሲያቅተው ስህተት መለሰ፤ ማሽኖቹ ያንን ስህተት እንደገና «መሳቢያው ተበላሽቷል» ብለው ተረጎሙትና በውስጡ የነበረውን ሰረዙት፤ ስለዚህ ደግመው ጠየቁ። ዋናው ስህተት ከታረመ በኋላ እንኳ ጎርፉ አልቆም አለ። በመጨረሻ ያገኙት መፍትሔ ድረ ገጹን ዘግቶ ዳታቤዙ ትንፋሽ እስኪያገኝ መጠበቅ፣ ከዚያም ሰዉን ቀስ በቀስ ማስገባት ነበር። ያለ መሳቢያው አንድ ሰዓት እንኳ መቆም የማይችል ቤት ሠርተው እንደነበር የታወቀው መሳቢያው የከዳ ዕለት ነው።

ወደ እኔ ፍላሽ ልመለስ። የእኔ ችግር ከመጻፍ የመጣ ነው፤ የካሽ ታሪክም ጨለማው ክፍል ይኼኛው ነው።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቡ። ማመልከቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ። ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። አንደኛው ወረቀታችሁን ተቀብሎ ይነሣል፣ ከኋላ ክፍል ገብቶ ፋይላችሁን ይፈልጋል፣ ወረቀቱን ይከታል፣ ተመልሶ «ገብቷል» ይላችኋል። እውነት ነው የሚናገረው፤ ሰልፉ ግን በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ሁለተኛው ወረቀታችሁን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ይጥልና እዚያው «ገብቷል» ይላል። ሰልፉ ይፈሳል፣ ሰው ይመርቀዋል። መሳቢያው ሲሞላ ወይም ፋታ ሲያገኝ ሰብስቦ በየፋይሉ ያስገባዋል፤ ለአንድ ፋይል አምስት ወረቀት መጥቶ ከሆነ በአንድ ጊዜ ስለሚከተው ድካሙም ይቀንሳል። በመሃል ቤቱ የተቃጠለ እንደሆነ ግን «ገብቷል» ተብለው ቤታቸው የሄዱ ሰዎች ወረቀት የለም። መኖሩንም የሚያስታውስ የለም።

ኮምፒዩተሮቻችን ባብዛኛው ሁለተኛውን ሠራተኛ ነው የመረጡት። ዩኒክስ የሚባለው፣ ዛሬ በየሰርቨሩና በየስልኩ ውስጥ ለሚሠሩት ብዙ ሥርዓቶች አባት የሆነው የኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ከጥንቱ እንዲህ ነበር። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ኬን ቶምሰን በ1978 ስለ ውስጠ ሥራው በጻፈው ላይ ይህን አልደበቀም። ማሽኑ በድንገት ከቆመ፣ በወረቀት አለቀ የተባለ በተግባር ግን ያላለቀ ብዙ ጽሑፍ እንደሚኖር ነግሮናል። መሳቢያውን በየጊዜው የሚያራግፍ ትእዛዝ መኖሩን፣ ትእዛዙም ችግሩን እንደሚያቀልለው እንጂ እንደማይፈታው ጨምሯል። ከዚሁ ጋር ሌላ ነገርም አንስቷል፤ የሚጻፈው በኋላ ስለሆነ፣ በኋላ ስህተት ቢደርስ ለባለቤቱ በወጉ መንገር የማይቻል ያህል ነው ብሏል። የእኛ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ማታ ወረቀቱን ሊከት ሲሄድ መደርደሪያው ተሰብሮ ቢያገኘው ለማን ይናገራል? ባለጉዳዩ «ገብቷል» ተብሎ ከሄደ ውሎ አድሯል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ አርባ ዓመት ቆይታ ነው የፈነዳችው።

በዩኒክስ ዘመን ማሽኑን የሚያጠፋው ባለሙያ ስለነበር መሳቢያውን አራግፎ ነው የሚያጠፋው። ጣጣው የመጣው ኮምፒዩተር ከባለሙያ እጅ ወጥቶ እኔን መሰሉ ቸኳይ እጅ ሲገባ ነው። በ1993 ማይክሮሶፍት ያወጣው ኤምኤስ ዶስ 6 ስማርትድራይቭ የሚባል የካሽ ፕሮግራም ነበረው፤ ጽሑፍንም በመሳቢያ ያቆያል። ሰዉ ሥራውን ይጨርሳል፣ ፕሮግራሙን ይዘጋል፣ ያ ጥቁር ማያ ላይ የለመደው ምልክት ሲመጣ ማጥፊያውን ይጫናል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ምልክቱ «ጨርሻለሁ» ማለት ነበራ! አሁን ግን መሳቢያው አልተራገፈም። ፋይል ጠፋ፣ ተበላሸ። ብዙ ሰው ጥፋቱን የጣለው አብሮ በወጣው ዲስክ የሚያጨናንቅ ሌላ ፕሮግራም ላይ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው 6.2 ላይ ማስተካከያ ተደረገ፤ መሳቢያው ሳይራገፍ ምልክቱ አይመለስም። ማለትም ማሽኑ «ጨርሻለሁ» የሚለውን ቃል እንደ ቀድሞው እንዲጠብቅ ተደረገ።

ትልልቆቹ ድርጅቶች በሌላ መንገድ ሄዱ። መሳቢያው ይቆይ፣ ግን ባትሪ ይደረግለት አሉ። ብዙ ዲስኮችን የሚያስተዳድር ካርድ ላይ ትንሽ ባትሪ ይገጠማል፤ መብራት ቢሄድ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ያቆያል፤ መብራት ሲመለስ ይጽፈዋል። ያምራል። ባትሪ ግን ያረጃል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ካርድ ባትሪው መሞቱን ሲያውቅ መሳቢያውን ይዘጋና እንደ አንደኛው ሠራተኛ እያንዳንዱን ወረቀት ራሱ ይዞ መመላለስ ይጀምራል። ያኔ ቢሮው ውስጥ የሚሰማው «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» የሚል ምሬት ነው። ማሽኑ ያን ቀን እውነት መናገር እንደጀመረ የሚጠረጥር የለም። መብራት እንደ እንግዳ በሚመጣበትና በሚሄድበት አገር ይህች ባትሪ ቀልድ አይደለችም። በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር ልባቸው የቆመ፣ እግር ማሳረፊያ የሆኑ ስንት ዩፒኤሶች እንዳሉ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ። ፖስትግሬስ የሚባል፣ በነጻ የሚታደልና በዓለም ላይ እጅግ ከሚታመኑት አንዱ የሆነ ዳታቤዝ አለ። የሰው ገንዘብና መዝገብ የሚያስቀምጥ ሥርዓት «ገብቷል» በሚል ቃል ብቻ አያምንም፤ ስለዚህ ፖስትግሬስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን «በመሳቢያህ ያለውን ሁሉ አሁኑኑ ዲስክ ላይ አውርድና በእርግጥ መውረዱን ንገረኝ» ብሎ ያዝዘዋል። ካልወረደ ደግሞ ይጠይቀዋል። ጨዋ አሠራር ይመስላል አይደል? በ2018 የጸደይ ወራት ግን ገንቢዎቹ አንድ ጉድ ደረሱበት። ሊኑክስ ጽሑፉን ዲስክ ላይ ማውረድ ሲያቅተው አንድ ጊዜ «አልቻልኩም» ይላል፤ ከዚያ ያልወረደውን ወረቀት የተጻፈ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለተኛ ስትጠይቁት መሳቢያውን ከፍቶ ያያል፤ የሚጠብቅ ወረቀት የለም። «ሁሉም ገብቷል» ይላል። ወረቀቱ ግን የትም አልገባም። እንዲያውም የመጀመሪያው «አልቻልኩም» ለሌላ ጠያቂ ተነግሮ፣ ዋናው ባለጉዳይ ጭራሽ ሳይሰማው የሚቀርበት ጊዜም ነበር።

ሃያ ዓመት ያህል፣ እነዚያ ጠንቃቃ ሰዎች ደግመው በመጠየቃቸው ተማምነው ኖረዋል። ከሊኑክስ ሰዎች ጋር ብዙ ተከራከሩ። ያልተጻፈውን ይዘህ ቆይ እንጂ ለምን ትጥላለህ? ይላሉ እነዚህ። ፍላሹ ተነቅሎ የሄደ እንደሆነስ እስከ መቼ ይዤው ልኑር፣ ሜሞሪዬ እስኪሞላ? ይላሉ እነዚያ። (ፍላሽ ነቃዩን ሲያነሡ እኔን ያሙኝ ነው የመሰለኝ።) ሁለቱም እውነት አላቸው። በየካቲት 2019 የፖስትግሬስ ሰዎች የመረጡት መፍትሔ ግን ዛሬም ያስደንቀኛል፤ «አልቻልኩም» የሚል መልስ ከመጣ ዳታቤዙ ሁለተኛ አይጠይቅም። እዚያው ራሱን ይጥላል። ሲነሣ፣ አስቀድሞ ለብቻው ይዞት ከነበረው የውሎ መዝገብ ሥራውን ደግሞ ይጽፋል። በሐሰት «ገብቷል» ከሚባል መውደቅ ይሻላል ብለው ወሰኑ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። «እንግዲህ አሁን ተፈቷላ? ዲስክ ላይ ወርዷል ከተባለ ወርዷል ማለት ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ዲስኩም ውስጡ የራሱ መሳቢያ አለው እኮ።»